የቆመ ሰው አይመታም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ የክረምት ቁርጥማት ተነሣብሽ ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? ስለ እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ላንቺ መዋሸት አልለመድሁም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ። ስልኩ እንደተቋረጠ ስለሆነ ይህችን ወረቀት የምታደርስልሽ ጎረቤትሽ ጀዋሂር ናት፤ ነገ ወደ ሞጣ ትመለሳለች።

እሷስ መጣች። የጨርቅ ሱቋን ዘግታ፣ በየኬላው እየወረደች እየተፈተሸች፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም ቢሆን መጥታ ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች። አንቺ እናቴ ግን ለባሌ ልቅሶ አልመጣሽም። ሴቶቹ «እናቷስ?» ሲባባሉ እየሰማሁ አንገቴን ደፋሁ። ለምን እንደቀረሽ አላጣሁትም። ቢሆንም ተናድጄብሻለሁ፤ ይኸው ተናገርሁት።

ሀብተ ሥላሴ እንዴት እንደሞተ የነገሩሽ ሌላ ነው። ከእኔ ስሚው።

የእኛ ሰፈር ሰው ዓመቱን ሙሉ በዕድሩ አዳራሽ ሲጨቃጨቅ ነው የከረመው፤ ቢቸና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ትምሰል እያለ። ሀብቴን የኮሚቴው ሰብሳቢ አድርገውት፣ የእንጨት ሥራውን ትቶ የሰው ጭቅጭቅ ሲዳኝ ይውል ነበር። አንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራልን ይላል። ሌላው ቄራው ከእኔ ደጅ ይራቅ እንጂ የቀረው የራሳችሁ ጉዳይ ይላል። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሐና ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ቃሬዛ የተሸከመውንና ለቀስተኛውን ጎን ለጎን የሚያስኬድ ይሁን፣ ሰው እየተጋፋ አይቀበር አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም እጁን አወጣ። እንዲህ እንዲህ እያሉ መርሆዎቻቸውን አወጡ። ዋነኛው፣ ቤት ሳይሠራ ቤት አይፈርስም፣ የሚነሣም ሰው ከነጎረቤቱ ይነሣል እንጂ አይበተንም የሚለው ነበር። ሹሞቹም ተስማምተናል አሉ። ሀብቴ በትልቅ ሳንቃ ላይ ጽፎ አደባባዩ ላይ ተከለው። ያን ቀን ደስታው ጠላ ቤት አስገብቶት ዘፍኖ ነው የመጣው፤ ሀብቴ ሲዘፍን ሰምተሽ አታውቂም፣ ባትሰሚም አልቀረብሽም።

ወንድሜን ገብረ ማርያምንም በመንገድ ተቋራጩ ዘንድ ጥበቃ ያስቀጠረው እሱ ነው። ልጅሽ ሥራ ፈትቶ እኔ ቤት ሲቀመጥ፣ ሀብቴ ደጅ ጠንቶ፣ ሰው ለምኖ፣ ዋስ ሆኖ። ያንን ዱላና የደንብ ልብስ ያስያዘው ባሌ ነው፤ ይህን አትርሽው።

አንድ ማለዳ የተቋራጩ ዶዘር ከነጥበቃዎቹ ቤት ሊያፈርስ መጣ። ለተነሺዎቹ አንድም ቤት አልተሠራም። ትእዛዙ ከየት እንደመጣ እስከዛሬ ደፍሮ የሚናገር የለም። ሀብቴ ሮጦ ሄዶ ሳንቃውን እያሳየ «ይኸው የተስማማንበት!» ቢላቸው ሾፌሩ ሳቀበት። መጀመሪያ የእማሆይን ማድቤት ጣሉት። እማሆይ ከቤቴ አልወጣም ብለው የበሩን መቃን ሙጭጭ አሉ። አንዱ ጥበቃ በልብሳቸው ይዞ ጎተታቸው፤ በፊታቸው ድንጋይ ላይ ወደቁ። ጥርሳቸው ረግፎ አሁን እኔ ቤት ተኝተዋል።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሰው አልነበረም። ድንጋይ ዘነበ። ጥበቃዎቹ በዱላ፣ የሰፈሩ ሰው በአካፋ፣ በመጥረቢያ እጀታ፣ ባገኘው ነገር ተጨፋጨፈ። አጥንት ሲሰበር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰማሁ። በግ ሲታረድ ከቤት የሚወጣው ሀብቴ እንኳ የአንዱን ክንድ በዱላ ሲሰብር አየሁት። ደግ አደረግህ አልሁ በሆዴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጨምርለት አልሁ።

ዞር ሲል ከወንድሜ ከገብሬ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እኔ ከጀርባው ነበርሁ፤ ጃኬቱን ይዤ ወደ ኋላ እጎትተዋለሁ። ሀብቴ ዱላውን አነሣ። ይኼ እውነት ነው፣ አነሣ። ገብሬ «በሕግ አምላክ!» አለው። በአቧራውና በዶዘሩ ጩኸት ሌላ ሰው አልሰማም። እኔ ሰማሁ። ሀብቴም ሰማ። ባሌን ታውቂዋለሽ፤ በሕግ አምላክ ካሉት ጠላቱንም እያባረረ ቢሆን ቀጥ የሚል ሰው ነበር፣ አባቱ እንዲያ ነው ያሳደጉት። ቆመ። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ጫፉን መሬት አስነካ። ገብሬ ያን ጊዜ መታው፤ ጆሮ ግንዱን። ሲወድቅም ደገመው። መሬት ላይ ተዘርሮም አልተወውም። ላዩ ላይ ስወድቅበት ነው ያቆመው። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ እማዬ።

የቀረውን ሰምተሽ ይሆናል። ዶዘሩን አቃጠሉት፤ ሾፌሩን ሞቷል ብለው ነው የተዉት። ሳንቃውን ማን እንደሰባበረው አላውቅም፤ ገብሬም በዚያ ግርግር ጠፋ። ሀብቴን ስንቀብር ቃሬዛው ያለፈው በእማሆይ ቤት ፍርስራሽ ላይ ነው። ተሸካሚዎቹ ተደናቀፉ፣ ሊጥሉትም ነበር። እስከዚያ ድረስ ችዬ ነበር፤ እዚያ ላይ ግን አበድሁ፣ ሦስት ሰው ነው የያዘኝ።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሀብቴ ወንድም ፍቅረ ሥላሴ ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀምጧል። ቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ኪዳንና ሽማግሌዎቹ ደሙን እናድርቅ ብለው ይለምኑታል። ገብሬ በሰው በሰው አድርጎ «ዱላ አነሣብኝ፣ ነፍሴን ለማዳን መታሁት» የሚል ቃል ልኳል። ፍቅረ ሥላሴም ማለ፤ ሁለቱም ተማተው ከሆነ እታረቃለሁ፣ ወንድሜ ቆሞ ከተመታ ግን ሽማግሌም ታቦትም አይመልሰኝ አለ። ስለዚህ መሪጌታ እኔ ዘንድ መጥተው፣ ልጄ ከጀርባው የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ያየሽውን ንገሪን አሉኝ። እስከ አርባው ጊዜ ይስጡኝ ብዬ ለመንኋቸው።

በጀዋሂር የላክሽብኝ ቃልም ደረሰኝ። «አንዱን አጥተሻል፤ ሁለተኛውን አትጨምሪብኝ፣ ዝም በይ» ብለሻል። ይህን ስትነግረኝ ጀዋሂር ቀና ብላ አላየችኝም። እማዬ፣ ዝም ብል ሀብቴ ምን ተብሎ ይቀራል? በሚስቱ ወንድም ላይ ዱላ አንሥቶ የሞተ ጠበኛ። ብናገር ደግሞ አንቺ ልጅሽን ትቀብሪያለሽ። ዝም በይ ማለት እንዴት ቀለለሽ? ውይ እማዬ፣ እኔስ ልጅሽ አይደለሁም ወይ?

ባለፈው እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። በሀብቴ ቦታ ተቀመጪ ብለው ስለለመኑኝ ከነጥቁር ልብሴ ሄድሁ። ሳንቃው እንደገና ይጻፍ ተባለ። የሚጨመር አለ ወይ ሲሉ ተነሣሁ። በዚች ከተማ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቁም፣ የቆመ ሰው አይመታ ተብሎ ይጻፍልኝ አልሁ። ሁሉም እጁን አወጣ። መሪጌታም ተገቢ ነው አሉ። ለምን እንዳልሁ የጠየቀኝ የለም። ፍቅረ ሥላሴ ብቻ ከተቀመጠበት ጥግ ቀና ብሎ አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወጣ።

ጀዋሂር ሌላም ነገር ነገረችኝ። የኔን ደብዳቤ ሁልጊዜ የምታነብልሽ እሷ ነበረች። የመርዶውን ወረቀት ይዛልሽ ስትመጣ ግን «የሚያነብልኝ አለ» ብለሽ ከደጅ መለስሻት። በርሽንም ጠዋት ማታ ትቀረቅሪያለሽ አሉ።

እንግዲህ ለሚያነብልሽ ሰው ጥቂት ቃል አለኝ፤ ፍቀጂልኝ።

አንተ፣ እስካሁን የዘለልኸው ካለ ተመለስና አንብብላት። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጥና በራስህ አፍ ንገራት፤ በሕግ አምላክ ብዬው ቆመልኝ፣ የመታሁት ከቆመ በኋላ ነው በላት። አርባው ሳይደርስ ድንጋይ በአንገትህ አድርገህ ና፤ ለመሪጌታም ለፍቅረ ሥላሴም ይህንኑ ተናገር። ያን ጊዜ ጠመንጃ የሚያነሣ ቢኖር፣ በሀብቴ ላይ እንደወደቅሁ በአንተም ላይ እወድቃለሁ፤ መጀመሪያ እኔን ይግደለኝ። ካልመጣህ ግን የሰማሁትን እናገራለሁ። የት ነው ያለው ብለው ሲጠይቁኝም አላውቅም አልልም።

እማዬ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጤናሽን ይስጥልኝ። እመቤቴ ማርያም ለሁላችንም የሚችል ትከሻ ትስጠን። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ፣
ያንተም እህት