ኪሎ የጨመረው ኮት

ጥር 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለአፈ ሹሏ የልጅ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? የእኔን ጤና አትጠይቂ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽኑ ይጠይቀኛል። «አባባ፣ ይህን በሽታ እንዴት ቻሉት?» ብለሽ ጽፈሻል። በተንኮል ነው የቻልኩት።

የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ውስጥ ከጎኔ የሚተኛው ልብስ ሰፊው ነው። ስድስት ዓመት አብረን ታጠብን፤ አያትሽን እንኳ የእሱን ያህል አልጨቀጨቅኳትም። ኩላሊታችን ስለማይሠራ የጠጣነው ውሃ እዚያው ሰውነታችን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ስንገባ እንመዘናለን፤ ሲስተር ሚዛኑን አይታ ማሽኑ ስንት ውሃ እንደሚያወጣ ትወስናለች። እኛ ደግሞ እንወራረዳለን። ብዙ ኪሎ የጨመረው ቀኑን ሙሉ የሌላውን ስድብ ዝም ብሎ ይሰማል።

ዓርብ ዕለት ጥሙ አሸንፎኝ ጠጥቼ ነበር። ቅዳሜ ውርርዱን እንደምሸነፍ ስላወቅኩ ኪሎ የሚሞላውን የድሮ መጋዘኔን ጓጉንቸር ይዤ ሄድኩ፤ ተራ ስንጠብቅ ልብስ ሰፊው ኮት ኪስ ውስጥ ሳያየኝ ከተትኩለት። ክፍሉ ስለሚበርድ ከነኮታችን ነው የምንመዘነው። ማሽኑም ያልጠጣውን ውሃ ከሰውነቱ መጠጠበት።

እየሳቅኩ ስሰድበው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ራሱን ሳተ። ሲስተር እየሮጠች መጥታ እግሩን ከፍ አድርጋ በስንት መከራ መለሰችው። እኔ ግን ጓጉንቸሩን ማንም ሳያየኝ መልሼ ወሰድኩ። ፈሪ አያት ነው ያለሽ።

ዛሬ አልመጣም። ሴት ልጁ ለሲስተር ደውላ «በቃኝ ብሏል» አለች። ሳይታጠብ ብዙ እንደማይሰነብት ሁላችንም እናውቃለን። ከእጥበት እንደወጣሁ ቤቱ ሄጄ ቅዳሜ የተሳሳተው ማሽኑ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ።

«አንተ ሽማግሌ፣ አርባ ዓመት ኮት ሰፍቼ የኪሴ ክብደት ይጠፋኛል?» አለኝ። «አውቄ ነው የተመዘንኩት።»

«ለምን?»

«ደከመኝ።»

ቀልድ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ሐሙስ ካልመጣህ እኔም አልታጠብም፣ አብረን እንቀራለን ብዬ ማልኩለት። ዓይን ዓይኔን አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጄ፣ ዋሽቼው ነው። እሱ መጣም ቀረ፣ ሐሙስ ጠዋት እኔ እዚያው ማሽን ሥር ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ኑሮዬ፣ መኖር አላስጠላኝም። መዋሸቴንም ያወቀብኝ ይመስለኛል።

የጠጣሽው ውሃ ሁሉ ይስማማሽ፤ ሚዛን ላይ ሳትቆሚ አርጂልኝ።

ተንኮለኛው አያትሽ