በግ የተሸከሙ ጾመኞች

ጃንዋሪ 26፣ እሑድ

ማኅበር ዛሬ ሳባ ቤት ነበር፣ ኬንቲሽ ታውን። እንደ ልማዴ ወደ ማድ ቤቱ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሲከራከር ብርጭቆ ላጥብ ብዬ እነሳለሁ... ውሃ ሲፈስ ማንም ሐሳብሽ ምንድን ነው አይለኝም።

የሰመር ጉዞ ተነሳ። ያው ሳውዝኤንድ። ባሕር አይቶ፣ በነፋስ ተደብድቦ መመለስ። ሳባ "ሌላ ሐሳብ ያላት?" አለች። እጄ በሳሙና እንደተለቀለቀ "አልባኒያ" አልኩ። ከየት እንደወጣ አላውቅም።

እትዬ ማሚቱ፣ የማኅበሩ ታላቅ፣ "እዚያ ደግሞ ምን አለ?" አሉ።

"ተራራ አለ።"

"ተራራ? እኛ ተራራ አጥተን ነው ለንደን የመጣነው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ግን ጉለሌ ተወልጄ ያየሁት ተራራ እንጦጦን ብቻ ነው። የሰሜን ተራሮችንም የማውቃቸው በግድግዳ ሥዕል ነው። ይኼን ለማን ልንገር?

ፌብሩዋሪ 4

ለድሪታ ነገርኳት። ካምደን፣ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት አብረን ነው የምንሠራው፤ የበሽተኛ ትሪ እናዘጋጃለን። አልባኒያ የእሷ አገር ነው። የመንደሯን የቴትን ፎቶ በስልኳ ስታሳየኝ ዓመታት አለፉ። የቀረውን ከየመጠበቂያው ክፍል ከተጣለ መጽሔት ቀድጄ አነበብኩ። ፏፏቴው፣ የድንጋይ ቤቶቹ፣ ከዓለት ሥር የሚወጣው ሰማያዊ ውሃ... እንግሊዝኛዬም ግማሹ ከዚያ ከተቀደደው ወረቀት ነው።

"ሳቁብኝ" አልኳት።

"ያላየ ይስቃል" አለች። "አክስቴ ፕሬንዳ እንግዳ ታሳድራለች። እኔም ኦገስት ላይ እዚያ ነኝ። አምጫቸው።"

ማርች 9

ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። ብዙ አልተናገርኩም፣ ስልኩን ብቻ አዞርኩ። ተስማሙ! አሥራ ሦስት ሴቶች። ቀኑን እኔ መረጥኩ፣ ሳባ ቡክ አደረገች። ኦገስት 13።

እኔ የመረጥኩት ቀን። ደጋግሜ አየሁት።

ጁን 15

እትዬ ማሚቱ ደወሉ።

"አንቺ አይናለም፣ ኦገስት 13 በኛ ስንት ነው?"

ቆጠርኩ... ነሐሴ ሰባት።

"ፍልሰታ እኮ ነው።"

ኦገስት ሲባል በልቤ ሐምሌ ነበር የመሰለኝ። ሠላሳ ዓመት በሁለት አቆጣጠር የኖረ ሰው እንዲህ ይሳሳታል? ቲኬቱ አይለወጥም። ጉዞው ይቅር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

"ጾም በሻንጣ ይሄዳል" አሉ። "ሽሮዬን እይዛለሁ። ግን የሰው ቤት አስገብተሽ እንዳታሳፍሪን።"

ካሳፈርኳቸው ማኅበሩ ውስጥ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ራሴን አውቀዋለሁ።

ጁን 16

ድሪታን "ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም" አልኳት። "እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አንበላም።"

"ታዲያ ምን ታቅርብላችሁ?"

"ባቄላ።"

"አክስቴ ለእንግዳ ባቄላ ከምታቀርብ ቤቷን ብትዘጋ ይሻላታል" አለች። እነግራታለሁ ግን አለችኝ።

ኦገስት 14

ቴት ደረስን። ሚኒባሱ በጠመዝማዛው ሲወርድ ሁሉም ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ሰማይ ጫፍ ላይ ነጭ ዓለት፣ ከሥሩ ጥቁር ጥድ፣ ከታች ወንዝ። ሳባ "አይንዬ፣ ይኼን ነው በልብሽ ይዘሽ ዝም ያልሽው?" አለችኝ። ደረቴ ሞላ። የሠራሁት ይመስል!

ድሪታ ተራሮቹ "የተረገሙት" እንደሚባሉ ስታወራ ግን እትዬ ማሚቱ አማተቡ። "በፍልሰታ የተረገመ ተራራ ላይ አወጣሽኝ?"

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰማያዊው ውሃ ሄድን። ቀስ እያልን፣ እየተደጋገፍን። እጅ ሲነከር ያቃጥላል፣ ከቅዝቃዜው። እትዬ ማሚቱ ጠርሙስ አውጥተው ቀዱ።

"እትዬ፣ ጸበል አይደለም እኮ" አለች ሳባ።

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

ኦገስት 15፣ ዓርብ

እጄ አሁንም በግ በግ ይሸታል። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ለካ ዛሬ የመንደሩ ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበታ ቀረብን። ፕሬንዳ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። ሙሉ በግ፣ የተጠበሰ፣ በትልቅ ትሪ። ድሪታ ፊቷ ቀላ። ነግራታለች... ሰምታለችም። ግን በዚህ በዓል ለእንግዳ በግ አለማረድ ለእሷ ውርደት ነው።

ማንም እጁን አልዘረጋም። የፕሬንዳ ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። እትዬ ማሚቱ ወደ እኔ አዩ። አሥራ ሁለቱም አዩ። የሚታጠብ ብርጭቆ አልነበረም።

ተነሳሁ። "ድሪታ፣ እንዲህ በያት። በግሽን ያረድሽላት እናት፣ እኛም የምንጾመው ለእሷ ነው። አንቺ በዓሏ ላይ ደርሰሻል፣ እኛ ገና መንገድ ላይ ነን።"

ፕሬንዳ ሰማች። "መቼ ትደርሳላችሁ?" አለች።

"የሚመጣው ዓርብ።"

"በጉ እስከዚያ አይቆይም።"

"አይቆይም" አልኩ። "ስለዚህ እኛ መንደሩን እናብላልሽ። እንግዶችሽ ነን፣ በዓልሽን እናስተናግድ።"

ፕሬንዳ በጉን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ መክተፊያ አመጣች።

ነጠላችንን አደገደግን። ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ዛፎቹ ሥር ተቀምጧል። አሥራ ሦስት ሐበሾች ሥጋ ተሸክመን በተራሮቹ መሀል ወረድን።

ሳባ ከኋላዬ "እትዬ፣ ሽታው ያስገድፋል?" አለች።

"ዝም ብለሽ ተሸከሚ፣ አንቺ ሆዳም።"

ለሽማግሌዎቹ መጀመሪያ፣ ጎንበስ ብለን፣ በሁለት እጅ። እንደ አገራችን። አንድ ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ ተነሳልን። ከዚያ እነሱም በተራቸው ከየቤታቸው አመጡልን... ፕሪም፣ ለውዝ፣ ድንች፣ የተጠበሰ ቃሪያ፣ በውሃ ብቻ የተቦካ የበቆሎ ቂጣ። ማታ ፕሬንዳ ከጎናችን ተቀምጣ የእትዬ ማሚቱን ሽሮ በቂጣ እያጠቀሰች በላች። ደገመችም።

እትዬ ማሚቱ ሲነሱ ትከሻዬን ያዙኝ። "አላሳፈርሽንም" አሉ።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ማኅበር እንደገና ሳባ ቤት። ዛሬ አዲስ እንግዶች ነበሩ። እትዬ ማሚቱ ስለ ቴት ያወራሉ፤ ፏፏቴውን በእጃቸው ከጣሪያ እስከ ምንጣፍ እያወረዱ። "ተራራ ማለት እሱ ነው" ይላሉ። ያ ጠርሙስ አሁንም አልጋቸው አጠገብ ነው አሉ። ሳባ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ከዚያ የሚመጣው ዓመት ጉዞ ተነሳ። አንዷ ግሪክ፣ አንዷ ሳውዝኤንድ። ክርክሩ ሲግል፣ ሳላስበው፣ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ተነሳሁ።

"አይናለም" አሉ እትዬ ማሚቱ። "አስቀምጪው። ገና አልተናገርሽም እኮ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጠበቁኝ።

ብርጭቆዎቹን አስቀመጥኩ። "መጀመሪያ" አልኩ፣ "ጾሙን ቼክ እናድርግ።"

ስቀው ሲያበቁ፣ መናገር ጀመርኩ።