የግራው የፊት ጎማ

ስዊፍት ከረንት፣ ሳስካችዋን
ቅዳሜ ጠዋት፣ ኖቬምበር 16

ለልጄ ለሎርና፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ብርዱም እንደምታውቂያቸው ናቸው። ስልኬን ብታነሺ ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባላስፈለገ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ደጋግመሽ ዘጋሽብኝ። ይሁን፤ ኩርፊያሽን ሌላ ቀን ትቀጥያለሽ። አሁን ግን መኪናሽን አቁሚልኝ።

አክስትሽ ዶሪን እሁድ ሳስካቱን አንቺ ጋ መጥታ አብራችሁ ገበያ ስትሄዱ መኪናሽ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነገረችኝ። የነገረችኝ ደግሞ ትናንት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ መጋረጃሽ ስታወራኝ ከርማ። እንዴት ነው የሚንቀጠቀጠው ብላት «እንዲሁ ይንቀጠቀጣል» አለች። አንጀቴን አሳረረችው። መቀመጫው ቢሆን ከኋላ ጎማ ነው እል ነበር፤ መሪው ነው አለች። ፍሬን ስትይዢ ብቻም አይደለም፣ ስለዚህ ዲስኩን ተውኩት። በፍጥነት ስትነጂ ብቻ ቢሆን የባላንስ ጉዳይ ነው፣ አያስቸኩልም። ብርድ ላይ ቆሞ ያደረ ጎማም ጠዋት ጠዋት ያንገጫግጫል፣ ግን ጥቂት ሄዶ ሲሞቅ ይተዋል። ያንቺ አልተወም። ቀስ ብለሽ ስትነጂ እንኳ ከፊት በግራ በኩል ቋ ቋ ይላል፣ በየቀኑም እየባሰበት ነው። ይህን ለዶሪን የነገርሻት አንቺው ነሽ።

የበረዶ ጎማውን ባልሽ ኬልቪን ጓሮ ውስጥ እንደቀየረው የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሎርና፣ የጎማው ዳዶ ላልቷል። አዲስ የታሰረ ጎማ ትንሽ ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። አለዚያ እየላላ፣ እየላላ ሄዶ አንድ ቀን አውራ ጎዳና ላይ ወልቆ ይሄዳል። ትናንት ሥራ ቦታው ደውዬ እንደገና አጥብቀኸዋል ወይ አልኩት።

«ኦርቪል፣ እኔ ራሴ ነኝ ያሰርኩት። አንዴ ከጠበቀ ጠበቀ ነው» አለኝና እሱም ዘጋው። ስልክ በመዝጋት ተገናኝታችኋል።

የልጅ ልጄ ኤልሲ ከኋላ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። እኔ ይህን እያወቅኩ እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ኬልቪንን ይቅርታ ካልጠየቅክ ደጄን እንዳትረግጥ ብለሽኛል። እኔ ያልኩት ለዚህ ሰው መፍቻ አትስጡት ነው። አሁንም እላለሁ።

ዶሪን ደብዳቤውን ልታደርስልኝ ውጭ ሞተር አስነስታ እየጠበቀችኝ ነው። ግን አውቃታለሁ፤ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ትረሳና ስለ መጋረጃ ታወራላችሁ። ስለዚህ ሐሳቤን ቀየርኩ፤ አብሬያት እመጣለሁ። ይህን ስታነቢ እኔ ከበርሽ ፊት ለፊት በዶሪን መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ። ክሪክና ጎማ መፍቻ ይዣለሁ። ደጅሽን አልረግጥም። መኪናሽ የሚቆመው መንገድ ዳር ነው፤ መንገዱ ደግሞ የከተማው ነው፣ ያንቺ አይደለም። የአራቱንም ጎማ ዳዶ አይቼ፣ አጥብቄ፣ ወዲያው እመለሳለሁ። እስክጨርስ ብቻ መኪናውን አታንቀሳቅሺው።

ኤልሲ መስኮቱ ጋ ልቁም ካለች ግን አትከልክያት። ስንት ቁመት እንዳወጣች ከዚያው ሆኜ አያታለሁ።

እግዚአብሔር አንቺንም፣ ልጅሽንም፣ ያንንም ሰውዬ ይጠብቅልኝ።

አባትሽ ኦርቪል