በአንድ ሊትር አንድ ማንኪያ

ሰኞ፣ ጥር 5፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.
ወደ ቢሮ ሳልገባ ሃያ ሁለት ሰፈር ወረድኩ፤ ዘይነባ ሱቅ። ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ባንኮኒው ላይ በመስታወት ገንዳ ያሉት ሁለት ወርቃማ ዓሦች ሟች ባሏ የገዛላት ናቸው። ትልቁ ታሟል። የጅራቱ ጠርዝ ነጥቶ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተተልትሏል። ሥሩ ላይ ቀይ ጭረት። ክንፎቹን ከገላው ለጥፎ ጥግ ይዟል። ቅዳሜ በጋዜጣው ዓምዴ የዘረዘርኳቸው ምልክቶች ሁሉ አሉበት።

ዓምዱን ቆርጣ ገንዳው ላይ ለጥፋዋለች። እዚያ ያዘዝኩትን ጨው ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ። ለደንበኞቿ የጋሽ ታደሰ መድኃኒት ነው ትላለች። ደብተሬ፣ አንተን አልዋሽም፤ ቀኑን ሙሉ ኮርቼ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6፣ ጠዋት
ትልቁ ሞተ። ዘይነባ ዓይኗ ቀልቷል።
«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሽ ታደሰ። ጨው ይበዛበታል ብዬ ፈርቼ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ነው ያደረግኩት። እርስዎ ሙሉ ብለው ጽፈው የለ?»
የትንሹም ጠርዝ መንጣት ጀምሯል። ማታ ጾሟን ካፈጠረች በኋላ ሙሉውን ልትጨምርለት ነው። አይዞሽ ብያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ነገሩ ከነከነኝ። ለአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ? ሾርባም አይበላም እንዲህ ከሆነ።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.
የተረጎምኩበትን የውጭ መጽሔት ከመሳቢያ አወጣሁ። አንድ ማንኪያ ለአንድ ጋሎን ይላል። አንባቢ የሚያውቀው ሊትር ነው ብዬ ቃሉን ለወጥኩ፤ በኋላ ለአራት ላካፍለው ያልኩት መጠን እንዳለ ቀረ። ያን ጊዜ የማተሚያ ቤቱ መልእክተኛ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋሎን ወደ አራት ሊትር ነው። አራት እጥፍ አዘዝኩ።

ያው ቀን፣ ማታ 1 ሰ.
ሮጬ ደረስኩ። ማንኪያው እጇ ላይ ነው። አስጣልኳት። ውሃ ስለሚጠፋ ትናንት በጀሪካን አጠራቅማ ያሳደረችው ነበር፤ የገንዳውን ግማሽ በእሱ ቀየርን። ጨው ይቅር፣ ምግብም ቀንሺ አልኳት። ጋዜጣው ላይ እኮ ሌላ ነው አለች። አዲስ መረጃ አገኘሁ አልኩ። አዲስ መረጃ! ይህን ሐረግ ከስንት ጀማሪ ዘጋቢ ጽሑፍ ላይ ሰርዣለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 7
ትንሹ ዛሬ ክንፉን ዘርግቷል። ይዋኛል።
ዋና አዘጋጁ እርማት አያስፈልግም አለ። በጥምቀቱ እትም ቦታ የለም፤ ደግሞስ በዚህ ከተማ ማን ዓሣ ያሳድጋል? «አይዞህ፣ ዓሣው አይከስህም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሐዘን ማስታወቂያ ላይ አንዲት ፊደል ለሳተ ልጅ እርማት ያስወጣሁ እኔ ነኝ።

አመሻሽ ላይ ዘይነባ ቤቴ ድረስ ሳምቡሳ ይዛ መጣች። «ባይደርሱልኝ ይኼንንም ገድዬው ነበር! እኔ እኮ እጄ አይረባም።» በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። ሳህኑን ተቀብዬ አመሰገንኳት። አንዱን በላሁ፤ ሁለተኛውን አንስቼ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 8፣ 9 ሰ.
እርማቱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። መጀመሪያ፦ ስህተት ተፈጥሯል። ማን ፈጠረው? ቀደድኩት። ቀጥሎ በማተሚያ ቤት ስህተት አልኩ። ውሸት ነው፤ ይህንንም ቀደድኩ። ሦስተኛው፦ ስተረጉም ጋሎኑን ሊትር አድርጌ መጠኑን ሳልቀይር ቀረሁ። ትክክሉ ለአራት ሊትር አንድ ማንኪያ ነው። በቀደመው መጠን ጨው የጨመራችሁ ውሃውን ዛሬውኑ ቀይሩ። ስሜ ከሥሩ አለ። ከራሴ የጥምቀት ጽሑፍ ሁለት አንቀጽ ቆርጬ ቦታ አወጣሁለት። ዋና አዘጋጁ ትከሻውን ሰብቆ ፈረመ።

10 ሰ.
ጋዜጣው ቅዳሜ ይወጣል። እሷ ግን ከጋዜጣ ልታነበው አይገባም። ሱቋን ሳትዘጋ እደርሳለሁ። ሳህኗን ይዣለሁ፤ ባዶውን አይመለስምና ተምር ገዝቼበታለሁ። ተምሩን ግን ከተናገርኩ በኋላ ነው የምሰጣት። ከተቀበለችኝ።

የምላትን እዚህ ልለማመድ፦ ዘይነባ፣ እጅሽ ምንም አላደረገም። አንቺ ፈርተሽ ያደረግሽው እኔ አውቃለሁ ብዬ ከጻፍኩት ይሻል ነበር። ዓሣሽን የገደልኩት እኔ ነኝ።