ከአንገት የሚነሳን ማዞር በእጃቸው ሲያክሙልን ስለኖሩት ስለ አቶ ምንይሉ ዘውዴ ዕረፍት

ከዘመሮ እናቶች መረዳጃ ዕድር
ለአባላት፣ ለጎረቤትና ለወዳጅ ሁሉ

አቶ ምንይሉ ዘውዴ ግንቦት 10 ቀን 1996 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን ለሕክምና በመጓዝ ላይ ሳሉ በድንገት አርፈዋል። ዕድራችን የተሰማውን ከባድ ሐዘን ሲገልጽ፣ በእሳቸው እጅ አንገቷ የተፈታላት እናት ሁሉ ሐዘን መሆኑን ያውቃል። ስለ ሥራቸውም ስለ አሟሟታቸውም የሚወራው ብዙ ስለሆነ፣ የምናውቀውን በጽሑፍ ማስቀመጥ አስፈልጓል።

አቶ ምንይሉ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በጦር ሠራዊቱ ሐኪም ቤት ፊዚዮቴራፒ የሚባለውን የእጅ ሕክምና ተምረው ሠርተዋል። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ዘመሮ ተመለሱ።

ያኔ እኛ ማዞርን ወይ ደም ማነስ ወይ የጾም ድካም ነው እንል ነበር። የጋራ የሣር ምድራችን ጓሳ ለአጨዳ የተከፈተ ሰሞን ነዶውን በጀርባችን አዝለን፣ አንገታችንን ደፍተን ስንመላለስ እንሰነብትና፣ በኋላ ወደ ጎን ዘወር ስንል ዓይናችን ይዋልላል፤ እግራችን መሬት የለቀቀ ይመስለናል። ጉበት ብንበላ፣ አናታችንን ቅቤ ብንቀባ ለውጥ የለም። አቶ ምንይሉ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «አንገትሽንስ ያምሻል?» ማዞርና አንገትን ምን አገናኛቸው ብለን መገረማችን አልቀረም።

በ1987 ዓ.ም. ያንን ግንኙነት የሚያሳየውን የሚሽከረከር ወንበር አሠሩ። ወንበሩ የሚዞርበትን ብረት፣ ኩሽኔታውን፣ የሰጠው ከቆላ እህል ሊጭን የሚመጣው ነጋዴ ጣሂር ሲሆን፣ ከተበላሸ አይሱዙው ፈትቶ ሲያስረክብ፣ «ጋሼ ምንይሉ፣ እኔ መኪና አቁሜ እርስዎ ሰው ሊያሽከረክሩበት ነው?» ማለቱ እስከ ዛሬ ያስቃል። ታማሚዋ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ አንድ ሰው ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላው ወንበሩን ቀስ ብሎ ያዞራል። ገላ ይዞራል፣ ጭንቅላት ባለበት ይቆማል። ለምን? ጭንቅላት የት እንዳለ ለአንጎል የሚናገረው ጆሮ ብቻ አይደለም፤ አንገትም ይናገራል። የደረቀ አንገት የተሳሳተ ወሬ ሲልክ፣ ጆሮ ሌላ ሲል፣ ሰው መካከል ላይ ይንገዳገዳል። ጭንቅላት ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ጆሮ ዝም ይላል። ስለዚህ በዚያ ወንበር ላይ ማዞሩ ከመጣ ከአንገት ሳይሆን አይቀርም፤ ካልመጣ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ይህን ሲያስረዱን ደጋግመን ብንጠይቃቸውም ተሰላችተው አያውቁም።

ሕክምናውም የሚያስፈራ አልነበረም። እጃቸውን በሞቀ ውኃ ታጥበው ከራስ ቅላችን ሥር ያስገባሉ፤ የጠጠረውን ሥጋ ለስለስ አድርገው ተጭነው እስኪላላ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን በትንሹ ወደ ላይ ይስባሉ። ቤታችን ሆነን የምንሠራውን የአንገት እንቅስቃሴም ያሳዩናል። አንገቴን ያንቋቁልኝ ያለቻቸውን፣ «ድምፅ ከፈለግሽ ከበሮ አለልሽ» ብለው መልሰዋል። ምላሱ የተሳሰረ፣ እጁ የደነዘዘ፣ ነገር ሁለት ሁለት የሚታየው ሰው ከመጣ ግን አንገቱን ሳይነኩ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይሰዱት ነበር።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ሙያ ለዕድራችን አባል ለአረጋሽ ወልደ አማኑኤል አስተምረዋል። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላት ያዥዋ እሷ ነበረች፤ በኋላም ብቻዋን ታክም ጀመር።

ያረፉ ዕለት ጠዋት የሆነውን ባለቤታቸው ወይዘሮ የትምወርቅ አጠገባቸው ሆነው አይተዋል። አቶ ምንይሉ ማዞር ሲጀምራቸው ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ አረጋሽ ጭንቅላታቸውን ይዛ ወይዘሮ የትምወርቅ አዞሩት። ማዞሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ቀኝ እጃቸውም ደንዝዞ ነበር። አረጋሽ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ ልሽዎት» ብላ ስትለምን፣ «ከአንገቴ አይደለም። ያስተማርኩሽን አድርጊ፤ አትንኪኝ፣ መኪና ፈልጊ» አሏት። ሮጣ መኪና አመጣች፤ መንገድ ላይ አረፉ።

ከዚያ በኋላ በገበያው «ለሰው ሁሉ የዘረጋችውን እጅ ለአስተማሪዋ ነፈገች» የሚል ወሬ ተነሣ። አረጋሽ ለቅሶው ድንኳን ዳር ቆማ ተመለሰች፤ ቤቷን ዘጋች። ማዞር ይዟቸው ከሩቅ፣ ከቀየት ድረስ የመጡ እናቶችም በሯን አንኳኩተው ተመልሰዋል። ዕድራችን ይህ ወሬ ስሕተት መሆኑን ያስታውቃል። የታዘዘችውን ፈጽማለች፤ ያን ጠዋት ማሸት ጉዳት እንጂ ጥቅም አልነበረውም።

በሰባተኛው ቀን ወይዘሮ የትምወርቅ ደረታቸውን ሲመቱ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ ሰንብተው ቀና ማለት አቃታቸው፤ ሲዞሩም ተንገዳገዱ። ሰው ልከው አረጋሽን አስመጡና ለቀስተኛ ሁሉ እያየ ወንበሩን ድንኳኑ ውስጥ አስገቡ። «ነይ ያዢኝ» አሏት። አረጋሽ፣ «እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ስትል፣ «ሰውማ ሲል ከርሟል። አንገቱ የኔ ነው» አሏት። ወንበሩ ሲዞር ማዞሩ መጣ፤ ከአንገት ነበር። አረጋሽ እጇን በሞቀ ውኃ ታጥባ ሠራች። ሲያወሩ የነበሩትም ሁሉ ይህን አዩ።

ወንበሩን ቤተሰቡ ለአረጋሽ ሰጥቷል።

ለወይዘሮ የትምወርቅ፣ ለልጆቻቸውና ለመላው ወዳጅ ዘመድ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥ፣ ለአቶ ምንይሉም በቅዱሳኑ አጠገብ ማረፊያ እንዲያዘጋጅ እንለምናለን። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። አረጋሽም አባት የሆናትን መምህሯን ቀብራለች፤ እስካሁን ቤቷ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ያላት የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ አባላት በሙሉ፣ እንደ ደንባችን ንፍሮ ይዘን፣ ለቅሶ ልንደርሳት እንሄዳለን።

የዘመሮ እናቶች መረዳጃ ዕድር
ግንቦት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.