ወደ ሰማይ የተቃናው አንቴና

ሰኞ

ማንም አይስማ እንጂ፣ ዛሬ እርጥብ ብርድ ልብሴን የኢንተርኔቱ አንቴና ላይ አስጥቼ ጃርሶ እጅ ከፍንጅ ያዘኝ። የሰፈሩን የቴሌቪዥን ዲሽ ሁሉ የሚተክለው እሱ ነው፤ የጎረቤቴን ሊጠግን ሰገነት ላይ ወጥቶ ነበር።

«አካም እትዬ! ዲሹን በረደው እንዴ?»

አፈርኩ። ብርድ ልብሱን ስጠቀልል፣ «ደግሞ አንገቱን ደፍቷልኮ፤ ላቃናልዎት?» አለኝ። «ተባረክ» ብዬ ወደ ታች ሮጥኩ። ምን እንደሚያደርግ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም።

ከሰዓት የኢንተርኔቱ መስመር ጠፋ። አንቴናው ከብርድ ልብሱ ርሶ ይሆናል።

መጥፎ ጊዜ ነው የጠፋው። ታናሽ እህቴ ራሕማ ከሸንተረሩ ማዶ፣ ስልክ በማይሠራበት መንደር ናት። የመጀመሪያ ልጇ፤ ወሯም ገብቷል። ባሏ ከብት ይዞ ሞያሌ ወርዷል። ምጥ ሲጀምራት በመንደራቸው አንቴና በኩል በዚሁ መስመር ልትጽፍልኝ፣ እኔ መኪና ልልክ ተስማምተናል።

ማክሰኞ

አንቴናው ደርቋል። መስመር የለም። ማዶ ደመናው ጠቁሯል፤ ምናልባት የእነሱን አንቴና የሚያሠራው ሶላር ደክሞ ነው። ምናልባት። ጎረቤቴ ሎኮ «ዝምታ ናጋ ነው፤ ሰላም ነው» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነበር፤ ባሰብኝ።

ረቡዕ

ሌሊቱን ዘንቦ ደረቁ ወንዝ ሞልቷል። ወደ ራሕማ መንደር የሄደ መኪና ሁሉ ተመለሰ። ሰገነት ወጣሁ። አንቴናው ሰማይ ያያል!

የተከለው ባለሙያ ነግሮኝ ነበር፤ «ይሄ ማዶ ካለው ጓደኛው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አለበት፤ በመሃል ዛፍ እንኳ አይወድም።» ጃርሶን አስጠራሁት። ክው አለ።

«እትዬ፣ ዲሽ ሰማይ ካላየ ምን ያያል ብዬ ነዋ!»

ሸንተረሩ ጉም ውጦታል፤ ወዴት እናዙረው? ደግነቱ ማሰሪያው ቀድሞ የነበረበትን የምሰሶውን ቦታ ዝገት ስላልነካው ምልክቱ ይታያል። በዚያ ልክ መለስነው። ጃርሶ በጣት በጣት ይገፋል፣ እኔ መስመር ሲይዝ የሚበሩትን የአንቴናውን ሁለት መብራቶች አያለሁ። አንድ በራ። ጠፋ። ደግሞ አንድ። ሁለት!

ስልኬ ጮኸ። ራሕማ፦ «እህቴ፣ ጀመረኝ። መኪና ላኪ።»

የጻፈችው ትናንት ጠዋት ነው።

ሐሙስ

ወንዙ ጎደል ሲል የላክሁት መኪና አንዲት አዋላጅ ይዞ ወጣ። ጃርሶም «እኔ ሳልሄድ አይሆንም» ብሎ አብሮ ተሳፈረ። አሁን መሽቷል፤ ድምፃቸው የለም። ለራሕማ የጻፍኩት መልስም አልተነበበም።

መብራቶቹ ሁለቱም በርተዋል። መስመሩ ደህና ነው። ዝም ያለችው እሷ ናት።

ብርድ ልብሱን አጥፌ ለሕፃኑ አስቀመጥኩት። የምሰማውን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ከዚህ መስመር በታች እጽፈዋለሁ።