የተዘቀዘቀው እንጦጦ

እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ተመስገን! ከሰበሰብኳቸው ካሜራዎች ሁሉ አብልጬ ለምወደው ለጀርመኑ፣ የራሱ ሌንስ ከሻገተበት ወዲህ ስፈልግለት የኖርኩት ተገኘ። ትናንት አዲሱ ገበያ የገዛሁት የሩሲያ ሌንስ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ልክ ገጠመ። በዚህ ብቻ ግን አልታለልም። አምና የገዛሁትም እንዲሁ ገጥሞ ሩቁን ሁሉ አደብዝዞብኛል።

ፊልም እንደ ልብ ስለማይገኝ ለሙከራ አላባክንም። ዛሬ ጠዋት የካሜራውን ጀርባ ከፍቼ ምስሉ እንዲታይበት በፊልሙ ቦታ ዘይት የጠጣ ወረቀት ለጠፍኩ። ደጃፌ ላይ ብርሃን ለመከለል ከነካሜራው ጋቢ ተከናንቤ ወደ እንጦጦ አነጣጠርኩ። ባሕር ዛፎቹ ወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ተቆጠሩ!

"ጋሼ፣ ምን እያነሱ ነው?"

የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላዬ ቆሟል። ተራራው ላይ ወታደር መኖሩን፣ ፎቶ ማንሳትም እንደሚያሳስር ማን ያጣዋል? እኔ ቂሉ የታየኝ ሌንሱ ብቻ!

"ፊልም የለውም፤ ና፣ ራስህ እየው" ብዬ ጋቢውን አከናነብኩት። ወረቀቱን አይቶ፣

"ይሄ እኮ ተራራውን ዘቅዝቆታል!" አለ።

"ካሜራ ሁሉ ከውስጥ እንደዚያ ነው የሚያየው።"

ከጋቢው ወጥቶ ከት ብሎ ሳቀ። "እንግዲህ ዝቅዝቅ እንጦጦ ለማን ይጠቅማል?" ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

ካሜራውን አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ግን ምስሉ ጥርት ብሎ ነበር። እስከ ጫፉ ድረስ ጥርት ብሎ!